ተዘዋዋሪው ቶርኖ

የመንግሥት ኮሌጆች ወደ «ተግባራዊ ኢንስቲትዩት» ያድጋሉ የሚለው ወሬ ሰበታ የደረሰው በኅዳር ነው። በማግስቱ የቢፍቱ ኮሌጅ ዲን ኦቦ ሞቱማ የቢሯቸውን መጋረጃ አስቀየሩ። ማደግ ከየት እንደሚጀመር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቀጥሎ አጥሩ ቀለም ተቀባ። ከዚያ በሩ ላይ ያለው ታፔላ ወረደና አዲስ ተሰቀለ። «ኢንስቲትዩት» የሚለው ቃል ረጅም ስለሆነ አዲሱ ታፔላ ከግንቡ ተርፎ ወደ መንገዱ ወጣ። ባጃጅ የሚጠብቁ ተማሪዎች ከሥሩ ከፀሐይ ይጠለሉበት ጀመር። ዕድገቱ ለተማሪ ያስገኘው የመጀመሪያ ጥቅም ይኸው ነበር።

ችግሩ መመሪያው ከመጋረጃና ከታፔላ ሌላም ነገር መጠየቁ ነው። ኢንስቲትዩት ለመባል ኮሌጁ «በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ በሥራ ላይ ያለ የቶርኖ ማሽን» ሊኖረው ይገባል ይላል። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው፤ የኮምፒውተሩ ደግሞ ልኩን ከነገሩት ራሱ ይቀርጻል። ቢፍቱ ኮሌጅ እንዲህ ያለ ማሽን ነበረው። ከውጭ በእርዳታ የመጣ፣ ለማስተማሪያ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ማሽን ነው፤ ትንሽ ሲባል ግን አራት ጎረምሳ አያነሳውም። ይሠራልም። የሚሠራው ጣቢታ ስላለች ነው።

ጣቢታ የብረታ ብረት ክፍል መምህርት ናት። ሆሳዕና አጠገብ ተወልዳ፣ ገላን ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት ቶርኖ ላይ ሠርታ፣ ማታ ማታ ተምራ ነው ወደ ማስተማር የመጣችው። ማሽኑ ሲመጣ መመሪያ መጽሐፉ በማታውቀው ቋንቋ ነበር። በሥዕሉ እየተመራች፣ ገላን ያሉ የድሮ ባልደረቦቿን በስልክ እያስቸገረች አስነሳችው። የመጀመሪያውን ብረት የቀረጸች ቀን ኦቦ ሞቱማ መጥተው አዩ፣ አጨበጨቡ፣ የክፍሉን በር ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«ተማሪ ከነካው ይበላሻል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ያልተነካ ማሽን አይበላሽም። በዚህ አያያዝ ከተቀጠለ ማሽኑ ከሁላችንም በላይ ዕድሜ ይኖረው ነበር።

ተማሪዎቹ ቶርኖ የሚማሩት ሰሌዳ ላይ ነው። ጣቢታ በጠመኔ ማሽኑን ትስላለች፤ እነሱ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ከመካከላቸው ራያ የሚባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አለ። ከሰዓት በኋላ ዓለም ገና ባጃጅ ይነዳል፤ ሞተሩንም ራሱ ነው የሚፈታው። እጁ ሥራ የለመደ ስለሆነ ሥዕል መገልበጥ ያሳክከዋል።

«ቲቸር፣ እኛ መቼ ነው የምንነካው?» አላት አንድ ቀን።

«ከግምገማው በኋላ።»

«የሚገመገመው ማነው? እኛ ነን ማሽኑ?»

ጣቢታ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች። የሚጠፋ ነገር ግን አልነበረም።

ኦቦ ሞቱማ የግምገማው ፕሮግራም እንደደረሳቸው የጎረቤት ዲኖችን ዓለም ገና ሥጋ ቤት ምሳ ጠሩ። ጣቢታንም «ባለሙያ ትኑር» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ከቡራዩ የቡርቃ ኮሌጅ ዲን ኦቦ ሊቤ መጡ፤ ከሱሉልታ የጋራ ኮሌጅ ዲን አዴ በቀለች። ሦስቱም ኮሌጆች የማደግ ዕጩዎች ናቸው። ገምጋሚዎቹ ሰኞ ሰበታ፣ ረቡዕ ቡራዩ፣ ዓርብ ሱሉልታ ይገባሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ማሽናችሁ እንዴት ነው?» ብለው ጀመሩ ኦቦ ሞቱማ።

«የኛ አለ» አሉ ኦቦ ሊቤ። «ሳጥን ውስጥ ነው። ርክክብ ሲደረግ ሳጥኑን የሚከፍት ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው ተዛወረ። ያለ ሰብሳቢ መክፈት ደግሞ ያስጠይቃል።»

«መቼ ተዛወረ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ምትኩ እየተጠየቀ ነው።»

አዴ በቀለች ደግሞ አዳራሽ አላቸው። ለማሽኑ ተብሎ የተሠራ፣ ትልቁ የፋብሪካ መብራት የገባለት፣ መስኮቱ ሰፊ አዳራሽ ነው። ማሽኑ ግን «በመንገድ ላይ ነው» ተብለው ሲጠብቁ ዓመት አልፏቸዋል።

ኦቦ ሞቱማ ለዚህ ሰዓት የተዘጋጁ ይመስል ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። «እንግዲህ እኛ የሚሠራ ማሽን አለን። ሰኞ ለእኛ፣ ረቡዕ ለሊቤ፣ ዓርብ ለበቀለች። መኪና እንከራያለን፣ ጣቢታ አብራው ትሄዳለች፣ አለቀ። ይሄ ጉድለት አይደለም። ይሄ የሀብት መጋራት ነው!»

«ጋሪ! በጣም ጥሩ!» አሉ ኦቦ ሊቤ። «ሪፖርት ላይ እንዴት እንደሚያምር!»

ጣቢታ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ማሽኑ እኮ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ውሃ ልኩ ይዛባል። እንደገና ተስተካክሎ ካልተተከለ ልኩን የጠበቀ ሥራ አይሠራም።»

«ልኩን ማን ይለካዋል?» አሉ ኦቦ ሞቱማ። «ዋናው መሽከርከሩ ነው።»

አዴ በቀለች ቀጭን፣ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው የሚውሉ፣ ጡረታቸው የቀረበ ሴት ናቸው። «ማሽኑን ከተጋራን ተማሪውንስ አንጋራም?» አሉ። «የናንተ ልጆችም መጥተው ቢሠሩበት፣ የኛም ሄደው ቢሠሩበት?»

ሁለቱ ዲኖች ተያዩ። በዚህ መሃል ጥብሱ ስለደረሰ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ።

ሰኞ የግምገማ ቡድኑ ሰበታ ገባ። መሪው ዶክተር ውብአየሁ ይባላሉ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ የሚውል፣ ደከም ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ በአዲስ ሰማያዊ ቱታ ተደርድረው ቆሙ። ቱታው ለቀኑ የተገዛ ስለሆነ ከፌስታሉ የወጣበት እጥፋት ደረታቸው ላይ መስቀል ሠርቷል። እጃቸውን ወደ ኋላ እንዲያደርጉ ተነግሯቸዋል። ጣቢታ ቁልፉን ተጫነች፤ ማሽኑ ተሽከረከረ፤ ከአንዲት የነሐስ ዱላ ትንሽ የምታምር ዋንጫ ወጣች። ኦቦ ሞቱማ ዋንጫዋን በሁለት እጃቸው ለዶክተሩ አበረከቱ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውርደው አዩአት፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ወረቀታቸው ላይ ምልክት አደረጉ። ቢፍቱ ኮሌጅ ሙሉ ነጥብ አገኘ።

በማግስቱ ጠዋት ጫኝና አውራጆች መጡ። ተማሪዎቹ ከክፍል ወጥተው ማሽኑ በገመድና በግንድ እየተንፏቀቀ አይሱዙ ላይ ሲወጣ አዩ። ራያ ጣቢታ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ቲቸር፣ ግምገማው አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል።»

«ታዲያ ማሽኑ የት ሊሄድ ነው?»

«ግምገማ አለበት» አለች ጣቢታ፤ ስትናገረው ለራሷም ጆሮ አስቀያሚ ሆነባት።

ራያ አልሳቀም። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ቆሞ አየና ቱታውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ለንብረት ክፍል ሊመልስ ሄደ። ቱታውም የተገዛው ለግምገማው ብቻ ነበርና።

የአይሱዙው ሾፌር ጃዕፈር ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ቀለበት መንገዱ ላይ ወጥተው ቡራዩ እስኪገቡ አፉን አልዘጋም። «እህቴ፣ እኔ ያልጫንኩት የለም። ስሚንቶ ጭኛለሁ፣ ከብት ጭኛለሁ፣ ሙሽራም ከነሚዜዎቿ ጭኛለሁ። ኮሌጅ ስጭን ግን ወላሂ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ቡራዩ ሲደርሱ ኦቦ ሊቤ በደንብ ተዘጋጅተው ጠበቋቸው። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው «ቢፍቱ ኮሌጅ» በሚለው ላይ «ቡርቃ ኮሌጅ» የሚል ሌላ ወረቀት ተለጠፈበት። ለጣቢታም «ቡርቃ» የሚል መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት። አፍና አፍንጫዋን የምትሸፍንበት ማስክም ሰጧት።

«ጉንፋን ይዟታል እንላለን» አሉ ኦቦ ሊቤ። «ባይናገሩሽ ይሻላል።»

ረቡዕ ዶክተር ውብአየሁ ገቡ። ማሽኑን አዩት። ማስኩን አዩት። ከማስኩ በላይ ያሉትን የጣቢታን ዓይኖች ረዘም አድርገው አዩ። ጣቢታ የነሐስ ዱላውን አስራ ማሽኑን ልታስነሳ ስትል እጃቸውን አነሱ።

«ዋንጫ ነው የምትሠሪው?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ሌላ ነገር አይሆንም? ዋንጫ አለኝ።»

ኦቦ ሊቤ ሳል ያዛቸው። የጣቢታ ፊት ከማስኩ ሥር እሳት ሆነ። ዋንጫውን ተወችና ለወፍጮ ቤት የሚሆን ቡሽ፣ ዘንግ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ሠርታ ሰጠቻቸው። ዶክተሩ አመሰገኑ፣ ምልክት አደረጉ፣ ለምሳ ሄዱ። ቡርቃ ኮሌጅም ሙሉ ነጥብ አገኘ።

እንግዶቹ እንደወጡ አንዲት የቡራዩ ተማሪ ማሽኑ አጠገብ መጣች። የማሽኑን ሽፋን በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

«እዚሁ ሊቀር ነው አይደል ቲቸር?» አለች። ዓይኗ ይስቃል። «ሳጥን ውስጥ ያለው ነው የተከፈተው አይደል?»

ጣቢታ ማስኩን አላወለቀችም። ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይናገር ተፈቅዶለት የለ? እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላትና ወጣች። ከኋላዋ ጫኝና አውራጆቹ ገመድ እየፈቱ ነበር። ጃዕፈር ጋቢና ውስጥ ገብታ ማስኩን ስታወልቅ አያትና ጫኞቹን ሊረዳ ወረደ።

ሐሙስ መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ለምን እንደተዘጋ ያወቀ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ወደ ሱሉልታ የተነሱት ዓርብ ጠዋት ነው። በአስኮ አድርገው አዲሱ ገበያን አለፉና ዳገቱን ተያያዙት። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አይሱዙው ነጭ ጭስ ተፋና ቆመ።

«ውሃ ፈልቶበታል» አለ ጃዕፈር ወርዶ። «ካልበረደ አይንቀሳቀስም።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እሱን ለአላህ ተይው።»

ጣቢታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ ይቆርጣል። አህያ እየነዱ ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ሸራ የተሸፈነውን ጭነት እያዩ አለፉ። አዴ በቀለች ጋ ደውላ መዘግየታቸውን ነገረቻቸው። ስልኩን ስትዘጋ አንዲት ነጭ የመንግሥት መኪና ዳገቱን ወጥታ ከአይሱዙው ኋላ ቆመች። ዶክተር ውብአየሁ ወረዱ፤ ሌሎቹ ገምጋሚዎች ብርዱን ፈርተው መኪናው ውስጥ ቀሩ።

«ጉንፋኑ ተሻለሽ?» አሏት።

ጣቢታ ተነስታ ቆመች።

ዶክተሩ ወደ ጭነቱ ሄደው የሸራውን ጫፍ ገለጡ። «ቡርቃ ኮሌጅ ይላል» አሉ። ጃዕፈር ለመርዳት ብሎ ዘሎ ወጣና ወረቀቱን ላጠው። ከሥሩ «ቢፍቱ ኮሌጅ» የሚለው ወጣ። ጃዕፈር የላጠውን መልሶ ሊለጥፈው ሞከረ፤ አልያዘም።

«ተወው ወንድሜ» አሉ ዶክተሩ። ወረቀታቸውን አውጥተው የመኪናው መከላከያ ላይ ዘረጉ። «ሱሉልታ፣ ጋራ ኮሌጅ። ማሽኑ አለ ወይ ነው የሚለው። አለ። ይሠራል ወይ? ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ይሠራል። ባለሙያ አለው ወይ? ይቺው ቆማለች።» ሦስት ቦታ ምልክት አደረጉ።

«ዶክተር፣ እዚሁ መንገድ ላይ?» አለች ጣቢታ።

«ማሽኑ መንገድ ላይ ሆኖ እኔ አዳራሽ ገብቼ ምን እሠራለሁ?»

«አውቀው ነበር ማለት ነው?»

«እህቴ፣ ባለፈው ወር በሌላ አቅጣጫ ስሄድ አንድ ማሽን አራት ቦታ ጠብቆኛል። የናንተስ በሦስት አበቃ።» መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ መለሱ። «የኢንስቲትዩቶቹ ምርቃት ቀን ተቆርጧል፤ እንግዶቹም ተጠርተዋል። ሪፖርቴ ከምርቃቱ ቀድሞ መድረስ አለበት እንጂ ምን ይላል ብሎ የሚጨነቅ የለም።»

«ታዲያ ለምን ትመጣላችሁ?»

«ካልመጣንማ ሳያዩ ጻፉ እንባላለን።»

ሊሄዱ ዞረው እንደገና ተመለሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተማሪዎቹ ነክተውት ያውቃሉ?»

«አያውቁም» አለች። «አንዱም። ሰበታ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነው ያዩት። ቡራዩ አንዷ በአንድ ጣቷ ነካችው።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ገለበጡትም። «እሱን የሚጠይቅ መስመር የለውም» አሉ። «ቢኖረው እሞላው ነበር።» ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ዳገቱ ላይ ዞሩና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ጋራ ኮሌጅም ሙሉ ነጥብ አገኘ።

አይሱዙው ሱሉልታ የገባው ከሰዓት በኋላ ነው። አዴ በቀለችና ተማሪዎቻቸው ከጠዋት ጀምረው ብርድ ላይ ቆመዋል። ማሽኑ ወርዶ አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጥ ጣቢታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አዴ በቀለች እስኪያልቅ ሰሙና «አልፈናል በይኛ» አሉ፤ መርዶ እንደተረዳ እንጂ እንደተደሰተ ሰው አልነበረም።

ጣቢታ ኦቦ ሞቱማ ጋ ደወለች። «ማሽኑን መቼ እንመልሰው?»

«ምን ያስቸኩላል? አልፈናል እኮ!» አሉ። ከኋላቸው ሙዚቃ ይሰማል። «መኪና መከራየት ደግሞ አለ። እዚያው ይቆይ። አንቺም እዚያው ሁኚና ጠብቂው፤ እነዚያ ሰዎች እንዳይነኩት!»

ጣቢታ ስልኩን ኪሷ ከታ አዳራሹን ዞር ብላ አየችው። መብራቱ አለ። መስኮቱ ሰፊ ነው። ማሽኑ መሃል ላይ ቆሟል። ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተደራርበው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«አዴ በቀለች፣ የዚህ አዳራሽ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ቁልፍ የለውም የኔ ልጅ። የሚሰረቅ ነገር ስላልነበረው አልገጠምንለትም።»

ጣቢታ ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ ስላልሳቀች ሳቁ ቶሎ አላቆመም። ከዚያ ሹራቧን አውልቃ ውሃ ልኩን ከመሣሪያ ሳጥኗ አወጣች። «እናንተ በር ላይ ያላችሁ» አለች፤ «ግቡ። ሁለታችሁ ይሄን እግር አንሱልኝ።»

ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ሆነ። የተባለችው ጠብቂ ነው፤ ጠበቀችው፤ ስትጠብቀው ዙሪያዋን ተማሪ ሞላ እንጂ። ተራ በተራ ልኩን ያስገባሉ፣ ብረቱን ያስራሉ፣ ማሽኑ ሲዞር ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፣ ከዚያ መልመድ ጀምረው ይጠጋሉ። ጣቢታ ራያ ጋ ደውላ «ቅዳሜ መምጣት የፈለገ ይምጣ» አለችው። ራያ ባጃጁን ለጓደኛው ሰጥቶ መጣ። ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከዚያ ታክሲ እየቀያየረ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሱሉልታ። አምስት ስድስት የሚሆኑ የሰበታ ልጆች ተከትለውታል። የቡራዩዋ ልጅም በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ጣቢታ ይቅርታ ልትላት አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት፤ «ቲቸር፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ?»

ራያ በመጀመሪያው ቀን የማሽኑን መቁረጫ ሰበረ። ጥልቀቱን አብዝቶ ነበር፤ ማሽኑ ጮኸ፣ መቁረጫው ተሰበረ፣ የራያ ፊት አመድ መሰለ።

«ሰበርኩት» አለ። «ቲቸር፣ ሰበርኩት።»

ኦቦ ሞቱማ ሲፈሩት የኖሩት ነገር ደረሰ። ማሽኑም አዳራሹም እንደቆሙ ናቸው። ጣቢታ ከመሳቢያ ሌላ መቁረጫ አወጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እኔ ገላን የሰበርኩት ቢሰበሰብ ይሄን ባልዲ ይሞላል። ፈትተህ ቀይረው። አሁን ለምን እንደተሰበረ ንገረኝ።»

ነገራት። ሲናገር ድምፁ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ማሽኑ ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጣቢታ መሬቱ ላይ በብሎን መታሰር እንዳለበት ተናገረች። አዴ በቀለች ከአጥሩ ሥራ የተረፈ ስሚንቶ አስመጡ። ተማሪዎቹ ቆፈሩ፣ አቦኩ፣ ብሎኑን ቀበሩ። ኮንክሪቱ ሲደርቅ ማሽኑ እንደ ቤት ምሰሶ ሆነ። ሥራውም ልኩን መጠበቅ ጀመረ።

ምርቃቱ ሲቃረብ ኦቦ ሞቱማ ደወሉ። «ጣቢታ፣ እንግዶቹ ማክሰኞ ይገባሉ። ማሽኑን ይዘሽ ነይ።»

«ኦቦ ሞቱማ፣ ማሽኑ በኮንክሪት ተተክሏል።»

«ማን ፈቀደ?»

«መመሪያው ‹በሥራ ላይ ያለ› ይላል እኮ። እንዲሠራ መተከል ነበረበት።»

ስልኩ ተዘጋ። በነጋታው ኦቦ ሞቱማ ራሳቸው ሱሉልታ ከተፍ አሉ፤ ኦቦ ሊቤም አብረዋቸው ናቸው። ለካ የቡራዩም ምርቃት ያው ማክሰኞ ነው። በመንገድ ላይ ማሽኑ ጠዋት ለማን ከሰዓት ለማን እንደሚሆን ሲከራከሩ መጥተው ፊታቸው ቀልቷል። አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ ራያ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ ማሽኑ ላይ አጎንብሷል።

«አንተ!» አሉ ኦቦ ሞቱማ። «የኔ ተማሪ አይደለህም እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እየተማርኩ ነው ኦቦ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ራያ መልስ ከመስጠቱ በፊት ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቆመ። የተቀረጸውን ብረት ፈትቶ በጨርቅ ጠረገና፣ ምን እንደሚያደርገው ስላላወቀ ለኦቦ ሞቱማ ዘረጋላቸው። የባጃጅ ጎማ ዘንግ ቡሽ ነበር፤ ገና ትኩስ ነው። ኦቦ ሞቱማ ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ከዲንነት በፊት እሳቸውም የብረታ ብረት መምህር ነበሩ፤ ይሄን ያስታውሱ እንደሁ እንጃ። አውራ ጣታቸው የቡሹን ጠርዝ ብቻውን እየዞረ ዳሰሰ።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ።»

«ጠርዙ...» አሉ፤ «ጠርዙ ንጹሕ ነው።» ለአፍታ ያህል ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ሆነ። ጣቢታ አየችው፤ ተስፋም አደረገች።

«ሞቱማ!» አሉ ኦቦ ሊቤ ኮንክሪቱን በጫማቸው እየመቱ። «ይሄ ነገር አይነቀልም። ማል ጎና? ምን እናድርግ? እንግዶቹስ?»

የኦቦ ሞቱማ ፊት ወዲያው ተመለሰ። ቡሹን ለራያ መለሱና ግንባራቸውን ጠረጉ። ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። በመጨረሻ ስልካቸውን አወጡ። «አንተ ልጅ፣ ማሽኑ አጠገብ ቁም። ቀና በል። እንደሚሠራ ሰው ሁን!»

«እየሠራሁ እኮ ነው ኦቦ።»

«እንደሱ አይደለም፤ ለፎቶ እንደሚሠራ።»

ማክሰኞ ሰበታና ቡራዩ ተመረቁ። በሁለቱም አዳራሾች መሃል ማሽኑን በሙሉ ቁመቱ የሚያሳይ ትልቅ ባነር ቆመ። ሪባኑ ባነሩ ፊት ተቆረጠ። ሰበታ ላይ አንድ የክብር እንግዳ ወደ ባነሩ እያመለከቱ «ይሠራል?» ብለው ጠየቁ፤ ኦቦ ሞቱማ «በሚገባ!» አሉ። ውሸት አልነበረም። ቡራዩ ላይ ነፋስ ባነሩን ከመሃሉ አጥፎት ማሽኑ የጎበጠ መሰለ። ሁለቱም ባነሮች ላይ ራያ በደስታ ፈገግ ብሎ ቆሟል፤ በአንድ ቀን የሁለት ኢንስቲትዩቶች አርአያ ተማሪ ለመሆን የበቃ ሌላ ሰው መኖሩን እንጃ። በዚያ ሰዓት እሱ ሱሉልታ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ ቢሆንም ሰበታ በምርቃቱ ምክንያት ትምህርት ስላልነበረ ሊሠራ መጥቷል።

ጣቢታ በዚያው ሳምንት ከሰበታ ሁለት ወረቀት ደረሳት። አንዱ የመንግሥት ንብረት ያለፈቃድ በመትከሏ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው በሀብት መጋራት ላሳየችው ትጋት የተሰጠ የምስጋና ምስክር ወረቀት። ሁለቱም ላይ የአንድ ሰው ፊርማ አለ። አዴ በቀለች ወደ ሱሉልታ እንድትዛወርላቸው ጠየቁ። ዝውውሩ «በሂደት ላይ ነው» ተብሏል፤ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያውቁ ሁለቱም ሴቶች ተያይተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ራያና ጓደኞቹ በሰኔ ተመረቁ። ራያን ገላን ያለ አንድ ፋብሪካ ለፈተና ጠራውና ማሽን ፊት አቆመው፤ ፈራ፣ ነካው፣ ሠራ፣ ተቀጠረ። አንዳንድ ቅዳሜ አሁንም ይመጣል፤ አዲሶቹን ልጆች እየተቆጣ ያስተምራል። ጣቢታ አታስቆመውም፤ በእሱ ቁጣ ውስጥ የራሷን ድምፅ ስለምትሰማ ትስቃለች እንጂ።

በሐምሌ መግቢያ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ሰውየው ከሰንዳፋ ወገን ያለ ኮሌጅ ዲን መሆናቸውን ነገሯት። በትሕትና ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤተሰቧ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቋት። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«እኛም ልናድግ ነው። ስለ ማሽናችሁ ብዙ ሰምተናል። ለአንድ ቀን ብቻ፣ መኪናውን እኛ እንችላለን...»

«ማሽኑ አይነሳም» አለች ጣቢታ። «ተማሪዎቻችሁን ላኩ።»

«ተማሪዎቹን?» ሰውየው ግራ ገባቸው። «እህቴ፣ ግምገማ እኮ ነው ያለብን። ተማሪ ምን ያደርግልናል?»

ከውስጥ አንዱ «ቲቸር፣ ተሰበረ!» እያለ ይጮኻል። ጣቢታ ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን ዘጋችና ገባች።